የአስቤዛ ሒሳብ በመስመራዊ ያለእኩልነት፦ የልጄ መልስ ከገበያው ጋር አልገጥም አለኝ

ጥያቄ፦ የተማሪ እናት (ቱሉ ዲምቱ)

ጤና ይስጥልኝ። የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ አለችኝ። የሒሳብ መምህሯ ስለ መስመራዊ ያለእኩልነት ካስተማሩ በኋላ፣ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው የአስቤዛ ወጪ ተነስተው ሦስት የቃላት ፕሮብሌሞችን ራሳቸው እንዲያወጡና እንዲፈቱ የቤት ሥራ ሰጥተዋል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ልጄ ከዚህ በፊት የዘይትም ሆነ የሽንኩርት ዋጋ ጠይቃኝ አታውቅም። ነገር ግን ሁለቱን ጥያቄዎች የፈታችበት መንገድ ትክክል እየመሰለኝ መልሱ ከገበያው ጋር አልገጥም አለኝ፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ከየት እንደሚጀመር ሁለታችንም ግራ ገባን። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርገን የወሰድናቸው ስለሆኑ፣ ዛሬ በየሰፈራችሁ ካለው ቢለዩም እንዳሉ ተቀበሉልኝ።

አንደኛው ጥያቄ ይህ ነው። እናት 2,250 ብር ይዛ ወጣች፤ ባለ 5 ሊትር ዘይት በ1,350 ብር ገዛች፤ ለሳምንቱ ታክሲ ቢያንስ 400 ብር ሊተርፋት ይገባል። አንድ እንቁላል 18 ብር ቢሆን ቢበዛ ስንት እንቁላል መግዛት ትችላለች? ልጄ የእንቁላሉን ብዛት «እ» ብላ 18እ + 1,350 + 400 ≤ 2,250 ብላ ጻፈች፤ ከዚያ 18እ ≤ 500፣ ቀጥሎም እ ≤ 27.78 ላይ ደረሰች። ከነጥቡ በኋላ ያለው አሐዝ ከ5 ስለሚበልጥ አጠጋግታ 28 ብላ መለሰች። 28 እንቁላል ግን 504 ብር ያወጣል፤ ለታክሲ ከተባለው 400 ብር ላይ 4 ብር ይጎድላል።

ሁለተኛው የሽንኩርት ነው። ሰፈራችን ካለው ጉሊት ሽንኩርት በኪሎ 90 ብር፣ ሃይሌ ጋርመንት ካለው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ደግሞ በኪሎ 65 ብር ነው እንበል። ታክሲ ቀያይሮ ደርሶ ለመመለስ፣ የዕቃውን ጨምሮ፣ 180 ብር ይወጣል። እዚያ ድረስ መሄድ የሚያዋጣው ስንት ኪሎ ለሚገዛ ሰው ነው? ልጄ የኪሎውን መጠን «ሽ» ብላ እንዲህ ሠራች፦

65ሽ + 180 < 90ሽ
65ሽ − 90ሽ < −180
−25ሽ < −180
ሽ < 7.2

በዚህ መልስ መሠረት ሩቅ መሄድ የሚያዋጣው ጥቂት ለሚገዛ ሰው ነው ማለት ነው። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት 180 ብር የታክሲ የሚከፍል ሰው ስለሌለ መልሱ ልክ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እያንዳንዱን መስመር ለየብቻው ሳየው ግን ልክ ስለሚመስለኝ ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ላሳያት አልቻልኩም።

ሦስተኛውን እኔው ነኝ የነገርኳት። ጤፍ በኩንታል 14,000 ብር፣ ማሽላ በኩንታል 8,000 ብር ነው እንበል፤ በኪሎ 140 እና 80 ብር ይመጣል። ለቤታችን ቢያንስ 50 ኪሎ እህል ያስፈልጋል፤ እንጀራው እንዳይደርቅ ደግሞ ጤፉ ከማሽላው ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት፤ በእጃችን ያለው 6,200 ብር ነው። ከእያንዳንዱ ስንት ስንት ኪሎ እንግዛ? እስካሁን የተማረችው ባለአንድ ተለዋዋጭ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ጥያቄ ትታ ሌላ ታውጣ ወይስ በምታውቀው ልትፈታው የምትችልበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር (ገላን)

ሥራው ያለው ሁለተኛው ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ስሕተቱ የመጨረሻው መስመር ነው። እስከ −25ሽ < −180 ድረስ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱንም ወገን ለ−25 ስታካፍል ምልክቱን መገልበጥ ነበረባት፤ ስለዚህ መልሱ ሽ > 7.2 ይሆናል።

ሆኖም «በኔጌቲቭ ቁጥር ሲካፈል ምልክቱ ይገለበጣል» የሚለውን ሕግ እንደ ዳዊት ብትሸመድደው እስከ ፈተናው ቀን ብቻ ነው የሚቆይላት። ለምን እንደሚገለበጥ በራሷ እጅ እንድታየው ያድርጉ። ከዚያው መስመር ላይ ትነሳና ምንም ሳታካፍል፣ መደመር ብቻ ትጠቀም። −25ሽ < −180 በሚለው ላይ ሁለቱም ወገን 25ሽ ይደመር፤ 0 < 25ሽ − 180 ይሆናል። ቀጥሎ ሁለቱም ወገን 180 ይደመር፤ 180 < 25ሽ ይሆናል። አሁን ለ25 ታካፍል፤ 25 ፖዘቲቭ ስለሆነ ምልክቱ ባለበት ይቆያል፦ 7.2 < ሽ። ምልክቱን ማንም አልነካውም፤ ሁለቱ ቁጥሮች ናቸው መደመሩ ወዲያና ወዲህ ያሻገራቸው። ስለዚህ የመገልበጡ ሕግ የእነዚህ ሁለት መደመሮች አቋራጭ ነው። ልጅዎ ገና ነገሩ ካልተገለጠላት የዕዳ ምሳሌ ይስጧት፦ 3 ከ5 ያንሳል፤ 3 ብር ዕዳ ያለበት ሰው ግን 5 ብር ዕዳ ካለበት ሰው ይሻላል፤ ማለትም −3 > −5።

ከዚህ የሚከተል አንድ የአሠራር ምክር አለኝ። 65ሽ እና 90ሽ ሲገጥሟት ትንሹን ወደ ትልቁ ወገን ትውሰደው። 180 < 90ሽ − 65ሽ ብትል ኖሮ ኔጌቲቭ የሚባል ነገር ሳይመጣባት ትጨርስ ነበር። አንዳንድ መምህራን ተለዋዋጩ ሁልጊዜ በግራ በኩል መቀመጥ አለበት ብለው ሲያስጨንቁ አያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን እኔ በማስተማር በቆየሁበት ዘመን ሁሉ አሳማኝ ምክንያት አላገኘሁለትም። 7.2 < ሽ ማለት ሽ > 7.2 ማለት ነው።

መልሱን የምትፈትሽበትንም መንገድ ያስተምሯት፤ እርስዎ ያደረጉት እሱኑ ነው፣ በቃል እንጂ በጽሑፍ ባይሆንም። አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ቁጥር ወስዳ መጀመሪያ በተጻፈው ያለእኩልነት ውስጥ ትተካቸው። ሽ = 1 ሲሆን በግራ 245፣ በቀኝ 90 ይመጣል፤ 245 < 90 ሐሰት ነው። ሽ = 10 ሲሆን 830 < 900 ይመጣል፤ እውነት ነው። ስለዚህ የመፍትሔው ስብስብ 10ን መያዝ፣ 1ን መተው አለበት። ፍተሻው በመጀመሪያው መስመር ላይ እንጂ መሐል ላይ ባለ መስመር መሆን የለበትም፤ የተበላሸው ከዚያ በፊት ከሆነ መሐሉ ላይ መፈተሽ ስሕተቱን አያሳይም።

7.2 ኪሎ ላይ ራሱ ምን እንደሚሆን ጠይቀዋት ብትሞክር ጥሩ ነው። ሃይሌ ጋርመንት ሄዶ 468 + 180፣ ጉሊት ደግሞ 90 × 7.2፣ ሁለቱም 648 ብር ነው። ጥያቄው «የሚያዋጣው» ስለሚል እኩል መሆኑ አይበቃም፤ ስለዚህ < እንጂ ≤ አለመጻፏ ልክ ነው። ሚዛን ላይ የሚቀመጠው በግማሽ ኪሎ ልዩነት ከሆነ መጀመሪያ የሚያዋጣው 7.5 ኪሎ ይሆናል፤ ትርፉም 7 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። ለዚህ ብሎ ማን ይሄዳል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

የእንቁላሉ ጥያቄ አጭር ነው። እ ≤ 27.78 ማለት ከ27.78 የሚበልጥ ቁጥር ሁሉ ክልክል ነው ማለት ስለሆነ፣ ወደ 28 የምናጠጋጋበት መንገድ የለም። የማጠጋጋት ሕግ ለመለኪያ የተሠራ ነው፤ ገደብ ባለበት ቦታ የሚወስነው የአሐዙ ትልቅነት ሳይሆን የገደቡ አቅጣጫ ነው። መልሱ 27 ነው፤ 486 ብር ይወጣል፣ 414 ብር ይተርፋል። 27.99 እንኳ ቢመጣ መልሱ ያው 27 ነበር። በተቃራኒው ለ40 እንግዶች ለእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቢያስፈልግና አንዱ እሽግ 12 ጠርሙስ ቢይዝ፣ 12ው ≥ 40 ብለን ው ≥ 3.33 ላይ ብንደርስ መልሱ 4 እሽግ ነው፤ 0.33 ትንሽ ናት ብለን 3 ብንገዛ አራት ሰው ውሃ አጣ ማለት ነው። ሽንኩርቱ ደግሞ በሚዛን የሚሸጥ በመሆኑ ከነክፍልፋዩ ይቆያል። በቁጥር መስመር ላይም ይህ ልዩነት መታየት አለበት፤ የእንቁላሉ መፍትሔ ከ0 እስከ 27 ያሉ የተነጣጠሉ ነጥቦች ሲሆን፣ የሽንኩርቱ ግን ከ7.2 በክፍት ክብ ተነስቶ ወደ ቀኝ የሚሄድ ያልተቋረጠ መስመር ነው።

የጤፉን ጥያቄ ለወጣቶቹ ትቼዋለሁ።

መልስ፦ ባለሱቅ (ኮዬ ፈጬ)

መምህር ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ሸቀጥ ከገበያ እያመጣሁ የምሸጥ ሰው ስለሆንኩ ያ 180 ብር ያሳስበኛል። ጥያቄው 180ውን አንድ ጊዜ ወጥቶ የማይለወጥ ወጪ አድርጎ ነው የያዘው። በተግባር ግን ጥቂት ኪሎ ሽንኩርት የያዘ ሰው ማዳበሪያውን እግሩ ሥር አድርጎ ይቀመጣል፤ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ረዳቱ የአንድ ሰው ወንበር ሒሳብ ይጠይቃል። እንግዲህ እስከ 20 ኪሎ ድረስ 180፣ ከ20 ኪሎ በላይ ደግሞ 240 ብር ነው እንበል። በኪሎ 25 ብር ልዩነት ካለ ይህ ምንም አይለውጥም፤ 240 < 25ሽ ቢባል ሽ > 9.6 ስለሚመጣ ከ20 ኪሎ በላይ የገዛ ሰው አስቀድሞ ትርፍ ውስጥ ነው።

ልዩነቱ ሲጠብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጉሊቱ ዋጋ 73 ብር ቢሆንና ልዩነቱ ወደ 8 ብር ቢወርድ፣ በ180ው ብቻ ያሰላ ሰው 180 < 8ሽ ብሎ ሽ > 22.5 ላይ ይደርስና 25 ኪሎ ሊገዛ ይነሳል። ነገር ግን 25 ኪሎ ከ20 ስለሚበልጥ የሚከፍለው 240 ነው፤ 65 × 25 + 240 = 1,865 ብር ያወጣል፤ እዚሁ ሰፈሩ ቢገዛው 1,825 ብር ይበቃው ነበር። በትክክል ለመፍታት ጥያቄውን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። እስከ 20 ኪሎ ባለው ክልል ሽ > 22.5 እና ሽ ≤ 20 አብረው ሊሆኑ ስለማይችሉ መፍትሔ የለም፤ ከ20 በላይ ባለው ክልል ደግሞ 240 < 8ሽ፣ ማለትም ሽ > 30 ይሆናል። ስለዚህ መሄድ የሚያዋጣው ከ30 ኪሎ በላይ ለሚገዛ ሰው ብቻ ነው።

እኔ ባለሱቅ ስለሆንኩ ሰው ሩቅ እንዳይሄድ የምሰብክ እንዳይመስልብኝ እንጂ፣ ከላይ በኩልም ገደብ አለ። ሽንኩርት ይበቅላል፣ ይበሰብሳል። ቤቱ በሁለት ሳምንት የሚጨርሰው 12 ኪሎ ከሆነና ከዚያ በላይ የማይቆይለት ከሆነ፣ የልጅቷ ሙሉ መልስ 7.2 < ሽ ≤ 12 መሆን አለበት። 12 ኪሎ ላይ ትርፉ 25 × 12 − 180 = 120 ብር ነው፤ የእናቷ ግማሽ ቀን ከዚህ ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለውን እነሱው ይወቁት። ሽ > 7.2 ብቻ ብላ ካቆመች አንድ ሺህ ኪሎም መልስ ሆኖ ይቆጠራል።

ሌላ ጥያቄ ማውጣት ከፈለገች ደግሞ የቫት አለላት። አንዳንድ ሱፐርማርኬት መደርደሪያው ላይ የሚለጥፈው ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያልጨመረ ነው፤ ታክሱ 15 በመቶ ነው። በ1,000 ብር ስንት ብር የተለጠፈበት ዕቃ ማንሳት ይቻላል ቢባል፣ ብዙ ሰው ከ1,000 ላይ 15 በመቶ ቀንሶ 850 ይላል። ነገር ግን ታክሱ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ እንጂ በኪሳችን ባለው ብር ላይ አይደለም። የተለጠፈውን ዋጋ «ዋ» ብንለው 1.15ዋ ≤ 1,000 ይሆናል፤ ዋ ≤ 869.56 ብር። 850 ያለው ሰው ካሸር ፊት አያፍርም፤ ግን «ቢበዛ» ለሚለው ጥያቄ መልስ አልሰጠም።

የተማሪ እናት (ቱሉ ዲምቱ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ መደመሩን በደብተሯ ላይ ሠርታ አይታዋለች፤ ከሕጉ ይልቅ እሱ ገብቷታል። የዕቃውን ገደብ አስመልክቶ ባለሱቁ ያሉትንም ጽፋዋለች። የጤፉን ጥያቄ የሚሞክርልን ይኖር ይሆን?

መልስ፦ የኢኮኖሚክስ ተማሪ (ሰበታ)

እኔ ልሞክር። የጤፉን ኪሎ «ጤ»፣ የማሽላውን «ማ» ካልን ሦስት ሁኔታዎች አሉ፦

ጤ + ማ ≥ 50
ጤ ≥ 2ማ
140ጤ + 80ማ ≤ 6,200

ሁለቱም መጠኖች ከ0 እንደማያንሱ ግልጽ ነው። ልጅዎ ባለአንድ ተለዋዋጩን ብቻ የምታውቅ ከሆነ አንድ መንገድ አላት፦ በትክክል 50 ኪሎ እንገዛለን ብላ ትነሳ። ያን ጊዜ ማ = 50 − ጤ ስለሚሆን የቀሩት ሁለቱ ባለአንድ ተለዋዋጭ ይሆኑላታል። ከእጥፉ ጤ ≥ 2(50 − ጤ)፣ ማለትም 3ጤ ≥ 100፣ ስለዚህ ጤ ≥ 33.33 ይመጣል። ከገንዘቡ ደግሞ 140ጤ + 80(50 − ጤ) ≤ 6,200፣ ማለትም 60ጤ ≤ 2,200፣ ስለዚህ ጤ ≤ 36.67 ይመጣል። መምህር ስለ አቅጣጫ ያሉት እዚህ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ከታች ያለው ወደ 34 ከፍ፣ ከላይ ያለው ወደ 36 ዝቅ ይላል። በሙሉ ኪሎ የሚገዛ ከሆነ 34፣ 35 ወይም 36 ኪሎ ጤፍ፣ ከ16፣ 15 ወይም 14 ኪሎ ማሽላ ጋር ማለት ነው። ርካሹ 34 ኪሎ ጤፍና 16 ኪሎ ማሽላ ሲሆን 6,040 ብር ነው።

ሙሉው መልስ ግን ካሬ ወረቀት ላይ ይሻላል። ጤን በአግድሙ፣ ማን በቀጥታው አድርጋ ሦስቱን መስመሮች በኮኦርዲኔት ጠለል ላይ ብትስላቸው፣ ሦስቱንም ሁኔታ የሚያሟላው ቦታ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሆና ታገኘዋለች። ጫፎቿ በግምት (33.33፣ 16.67)፣ (36.67፣ 13.33) እና (34.44፣ 17.22) ናቸው። በሦስት ማዕዘኗ ውስጥ ሁለቱም ሙሉ ቁጥር የሆኑ ነጥቦች አምስት ብቻ ናቸው፤ ከላይ ከጠቀስኳቸው ሦስቱ በተጨማሪ 34 ከ17 ጋር በ6,120 ብር፣ እንዲሁም 35 ከ16 ጋር በ6,180 ብር። ርካሹ ወጪ፣ ክፍልፋይ ከተፈቀደ፣ በመጀመሪያው ጫፍ ላይ ልክ 6,000 ብር ነው።

ወጪ የሚያንሰው ጫፍ ላይ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ጆርጅ ስቲግለር የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ጥያቄ አንስቶ ነበር፦ 77 የምግብ ዓይነቶች ከነዋጋቸው ቢሰጡ፣ ለአንድ ሰው ዘጠኝ ንጥረ ነገሮችን ቢያንስ ከሚያስፈልገው መጠን ሳያጎድሉ ዓመቱን በትንሹ ገንዘብ ለማብላት ምን መገዛት አለበት? እያንዳንዱ ንጥረ ነገር አንድ «ቢያንስ» ነው፤ እኛ ዘንድ ጤፍና ማሽላ በሆኑት ፋንታ እሱ 77 ተለዋዋጮች ነበሩት፤ ካሬ ወረቀት ላይ ሊሳል አይችልም። በብልሃት እየቀነሰ በ1939 ዋጋ በዓመት 39 ዶላር ከ93 ሳንቲም ላይ ደረሰ፤ መልሱ የስንዴ ዱቄት፣ የታሸገ ወተት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ መሰል ቅጠልና ደረቅ ባቄላ መሰል እህል ብቻ ነበር። በ1947 የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ዳንትዚግ ከጫፍ ወደ ጫፍ እየሄደ ርካሹን የሚፈልግ ስልት ሲያወጣ ከተሞከረባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ሆነ፤ ዘጠኝ ሠራተኞች በእጅ በሚሠሩ የሒሳብ ማሽኖች በድምሩ 120 የሰው ቀን ፈጅቶባቸው 39 ዶላር ከ69 ሳንቲም አገኙ። ስቲግለር በግምት የሳተው 24 ሳንቲም ብቻ ነበር። ያን የመሰለ ምግብ ዓመቱን ሙሉ የሚበላ ሰው አይገኝም፤ ጣዕምን የሚወክል ያለእኩልነት አልጻፈማ። የእናት «ጤፉ እጥፍ ይሁን» የሚለው ሁኔታ ግን የጣዕም ነው፤ በዚህ ልጅዎ ትበልጣለች።

መልስ፦ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ (አቃቂ)

ይቅርታ፣ ሂሳቡ ውስጥ ወፍጮው የታለ? እህሉን በጥሬው አይጋግሩትም። ማስፈጫው በኪሎ 5 ብር ነው ቢባል እንኳ፣ በጤፍም በማሽላም ላይ ተጨምሮ 145 እና 85 ይሆናል። ያ ርካሽ የተባለው 34 ከ16 ጋር 6,290 ብር መጣ ማለት ነው፤ ከ6,200ው አለፈ። ከዚህም ሌላ እህሉ ሲነፋና ሲለቀም ከኪሎው ይጎድላል፤ «ቢያንስ 50» የተባለው ከመለቀሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

የተማሪ እናት (ቱሉ ዲምቱ)

እውነት ነው፤ ወፍጮውን ጨርሶ አላሰብነውም። ሃምሳው እንደገዛነው ነው፤ ሲለቀም የሚጎድለውን ለዚህ የቤት ሥራ እንተወው። ልጄ አሁን ማስፈጫውን ጨምራ እንደገና ብትሠራው በሙሉ ኪሎ የሚሆን አንድም አላገኘችም። «መፍትሔ የለውም» ብላ ብታስረክብ መምህሯ ሳትሠራው የቀረች አይመስላቸውም?

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር (ገላን)

«አላገኘሁም» ብትል ሳትሠራው ቀረች ይባላል፤ «ሊኖር አይችልም» ብላ ብታሳይ ግን ከሦስቱ ጥያቄዎች ይህ የበለጠው ይሆናል። ባዶ ስብስብ ሙሉ መልስ ነው። በክፍልፋይ ኪሎም ቢሆን እንደማይቻል በሁለት መስመር ልታሳይ ትችላለች።

ማስፈጫውን ጨምሮ ወጪው 145ጤ + 85ማ ነው። ይህንን እንዲህ ከፋፍላ ትጻፈው፦

145ጤ + 85ማ = 125(ጤ + ማ) + 20(ጤ − 2ማ)

ቅንፉን ፈትታ ትፈትሸው፤ ጤ 125 + 20፣ ማ ደግሞ 125 − 40 ይመጣላቸዋል። አሁን ጤ + ማ ቢያንስ 50 ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍል ከ6,250 አያንስም። ጤፉ ከማሽላው ቢያንስ እጥፍ ስለሆነ ደግሞ ጤ − 2ማ ከ0 አያንስም፤ ሁለተኛው ክፍል ወጪውን ሊጨምር እንጂ ሊቀንስ አይችልም። እንግዲህ ሁለቱን ሁኔታዎች ያሟላ ማንኛውም ግዢ ከ6,250 ብር በታች አይወጣም፤ በእጅ ያለው 6,200 ነው። 125ንና 20ን ከየት አመጣሃቸው ብላ ብትጠይቅ፣ ድምራቸው 145፣ ከመጀመሪያው ላይ የሁለተኛው እጥፍ ሲቀነስ ደግሞ 85 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጊ ይበሏት፤ ያንን በእኩልነት ዓረፍተ ነገር ልትፈታው ትችላለች።

ከዚያ በታች አንድ መስመር ትጨምር። መምህሯ ካልከለከሉ «ቢያንስ 50» የሚለውን ወደ 49 ብታወርደው የመጀመሪያው ክፍል 125 × 49 = 6,125 ስለሚሆን በሩ ይከፈታል፤ 33 ኪሎ ጤፍና 16 ኪሎ ማሽላ ከነማስፈጫው 6,145 ብር ያወጣል፣ 33ም ከ32 ስለሚበልጥ የእጥፉ ሁኔታ ይሟላል፣ 55 ብርም ይተርፋል።